ጠፋ ያልተባለው ሳህን

እትዬ ሸዋዬ ቤት መብራት አይጠፋም። ሰፈሩ በሙሉ «መብራት ጠፋ!» ሲል እሳቸው «ወጣ ብሎ ነው» ይላሉ። ፍየላቸው ሳምንት ሳትመለስ ብትቀር «አልመጣችም»፤ ቁልፍ ከእጃቸው ቢወድቅ «የሆነ ቦታ ተቀምጧል» ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጃቸው ማህሌት ናት፤ የነገረችኝም ዘግይታ ነው። ቀድማ ነግራኝ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቅዳሜ ያን ያህል አልደነፋም ነበር።

እኔ ኪሩቤል እባላለሁ፤ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር፣ ውኃ የሚመረምር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ጣና ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደሚደፈርስ ቢሮው ብቻውን ሊከታተል ስለማይችል፣ በሐይቁ ዙሪያ አሥራ ሁለት በጎ ፈቃደኞች አሉን፤ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ መምህር አለ፣ አንድ ዲያቆንም አለ። ሥራው ቀላል ነው። ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን ከሥሩ ብረት ታስሮበት፣ በየአሥር ሳንቲሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል። አውራጁ ሳህኑን ማየት ያቃተው ጊዜ «ጠፋ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጸሐፊው ቋጠሮውን ቆጥሮ ይጽፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ። «‹ጠፋ› ማለት እንዳትረሱ» ብዬ ያሠለጠንኳቸው እኔው ነኝ።

ክረምት ላይ ከየጣቢያው ሦስት፣ አራት ቋጠሮ ይመጣል። ከእትዬ ሸዋዬ ግን ክረምት ከበጋ ሠላሳ! ሠላሳ ቋጠሮ ሦስት ሜትር ነው፤ ገመዱ ራሱ ሦስት ሜትር ነው። ቢሮ ውስጥ «የሸዋዬ ውኃ ገና ከገነት እንደወጣ ነው» እያልን እንስቅ ነበር። በስልክ ስንቴ አስረዳሁ። «እሺ ልጄ» ይሉኛል፤ በሳምንቱ ሠላሳ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በሦስተኛው ዓመት አለቃዬ ሳቁን ተወና «ወይ ይታረሙ፣ ወይ ሳህኑን ተቀብለህ ና» አለኝ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ። ወደ ዘጌ በኩል ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። እትዬ ሸዋዬ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሳህኑን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ጠበቁኝ። ማህሌት ቀዘፈች። ንፋስ የለም፤ ውኃው እንደ ጠላ አተላ ደፍርሷል። ከባሕሩ ብቻዋን ብቅ ያለች አንዲት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ማህሌት ሳትታዘዝ መቅዘፏን አቆመች። ጀልባዋም ትንሽ መንሸራተት ሲገባት ቀጥ ብላ ቆመች።

ሳህኑ ወረደ። ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ እኔ ማየት አቃተኝ።

«ይበሉ እንጂ!» አልኩ።

«ምን ልበል?»

«‹ጠፋ› ይበሉ!»

«ይታየኛል» አሉና ገመዱን ለቀቅ አደረጉት። አራት። ስምንት። «ይታየኛል።»

ያን ጊዜ ደነፋሁ። ይህ ውሸት ነው አልኩ፤ የሦስት ዓመት ልፋት ሊጣል ነው አልኩ፤ «ዛሬ ‹ጠፋ› ካላሉ ሳህኑን ይዤው እሄዳለሁ» አልኩ። ገመዱን ያዝ አደረጉት።

የመለሰችልኝ ማህሌት ናት፣ ፊቷን ወደ ዳር እንዳዞረች። «አባቴ እዚች ድንጋይ ጋ ነው የቀረ። ታንኳው ባዶውን ተገኘ፤ ስድስት ዓመቱ። በእኛ መንደር ሐይቅ የወሰደውን ሰው የቤቱ ሰው በአፉ ‹ጠፋ› ካላለ ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ፍትሐትም አይደረግለትም። እናቴ አላለችም። ሳህኑንም የወደደችው ወደ ታች ስለሚያሳያት ነው። አንተ ደግሞ በየቅዳሜው እዚሁ ላይ ሆና ያችን ቃል እንድትጮኻት አዘዝሃት።»

አፈርኩ። እፍረቴንም በማይረባ ብልሃት ልሸፍነው ሞከርኩ። «እንግዲያው እትዬ፣ ‹ተሰወረ› ይበሉ፤ ቅጹን እቀይረዋለሁ።»

ፈገግ አሉ። «መሰወርማ ለጻድቃን ነው ልጄ። የኔ አምባቸው በሰንበትም ያጠምድ ነበር።»

ገመዱን እንደገና ለቀቁ። «ና እይ» አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። ሃያ አምስት ቋጠሮ ወርዷል። በዚያ አተላ ውስጥ፣ ከሥር፣ ነጭ ነገር ነበር። የደመና ነጸብራቅ ነው እንዳልል ሰማዩ ጠቁሯል። ሳህኑ ነው እንዳልል ሳህናችን ግማሹ ጥቁር ነው፤ ያ ግን ሙሉ ነጭ ነበር፣ ወደ ላይ ቀና ያለ። ፈራሁ። የቁጥር ሰው ነኝ፣ ግን ፈራሁ።

«አየሁት» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «ፊቱን አዞረ።» ድምፃቸው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነበር።

ሠላሳኛው ቋጠሮ ላይ ገመዱ ላላ። ቦታው ስምንት ሜትር ይጠልቃል፤ ብረት የታሰረበት ሳህን መካከል ላይ የሚያርፍበት ነገር የለም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተሳበ። ጉተታ አልነበረም፤ ሰው ከሰው እጅ ዕቃ ሲቀበል የሚስበውን ያህል ነው። ገመዱን ልይዝ እጄን ብዘረጋ በክርናቸው ከለከሉኝና ጣቶቻቸውን ከፈቱ። የመጨረሻዋ ቋጠሮ የጀልባዋን ጠርዝ አልፋ ውኃው ውስጥ ገባች።

ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ምን እንዳዩ አላውቅም፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

«ጠፋ» አሉ። አልጮኹም። «ጻፍ ልጄ። ጠፋ።»

ማህሌት መቅዘፊያውን ጥላ ጮኸች። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሰሙ። ምን እንደተባለ ማንም አልነገራቸውም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ ወደ ውኃው ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ዝናቡ ቀኑን አጨልሞት አምፖል በርቶ ነበር፤ እልም አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እሳቸውን አየ።

«መብራት ጠፋ» አሉ እትዬ ሸዋዬ፣ እንደ ማንኛችንም። «ማህሌት፣ ሻማ አምጪ።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት።

የዚያን ቅዳሜ ቅጽ ቁጥሩ ሳይሞላ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ለእትዬ ሸዋዬ አዲስ ሳህን ሰጠናቸው፤ ዛሬም ይልካሉ፤ ሦስት፣ አራት፣ በጋ ላይ ስድስት ቋጠሮ። አለቃዬ «ታረሙ» ብሎ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ በጮኸ ቁጥር፣ ከመክፈቴ በፊት፣ ሠላሳ ይሁን ብዬ እለምናለሁ።