ስም ከነአባት

ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። ክላርክስተን በርበሬ ልገዛ ገብቼ እሱን ሱቁ ውስጥ ካየሁት፣ የያዝኩትን እቃ መደርደሪያው ላይ መልሼ እወጣለሁ። ባለሱቋ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ትታለች።

ነገሩ የሩጫ ነው። እዚህ አሜሪካ ሃይስኩሎች ለስፖርት በየአካባቢያቸው ይቧደኑና ቡድኑ ሪጅን ይባላል። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ እንደ ክፍለ ሀገር የራሱ ገዢ ያለው ነገር መስሎኝ ነበር፤ ብዙም አልተሳሳትኩም። በኛ ሪጅን ውስጥ ሜዳው እንደ ምንጣፍ የሚያምር አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ እኔ ሣረኞቹ እላቸዋለሁ። የልጄ ትምህርት ቤት ደግሞ ማሊያው ከታላቅ ለታናሽ የሚወራረስ፣ ግማሹ ተማሪ ከበርማ፣ ከኮንጎና ከሶማሌ የመጣ ነው። የሣረኞቹ ወላጆች ድንኳንና ታጣፊ ወንበር ይዘው ይመጡና ለኛ ልጆች “ጉድ ጃብ” እያሉ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ታዲያ የኛ ልጆች ኋላ እስከቀሩ ድረስ ብቻ ነው።

ልጄ ኋላ አልቀረችም። ኢስት ፖይንት እያለን ኪራይ ሲጨምርብን ነው ወደ ክላርክስተን የተዛወርነው፤ አባቷ ዳላስ ትራክ ይነዳል፣ እኔ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። ሃይስኩል የምትጨርስበት ዓመት ነበር። በአዲሱ ትምህርት ቤት አገር አቋራጭ ሩጫ ገባችና ብዙም ሳይቆይ የሣረኞቹን አንደኛ ቀደመቻት።

የተቀደመችው ልጅ ሀበሻ ናት፣ እዚሁ የተወለደች። አባቷ ያ ሰውዬ ነው። ኮሌጅ የጨረሰ፣ ቢሮ የሚሠራ፣ ከሣረኞቹ ወላጆች መሀል እንደ ሽማግሌ የሚቆጠር ሰው ነው። እኔ ሞኟ የአገሬን ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ በየውድድሩ ጎንበስ ብዬ “እንደምን አደሩ” እለው ነበር። እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል።

የሪጅኑ ትልቁ ውድድር ሲቃረብ ሣረኞቹ አቤቱታ አቀረቡ። ልጅቷ ለሩጫ ተብሎ የመጣች ናት፣ የምትኖረውም ከወላጇ ጋር አይደለም አሉ። በደንቡ ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ መሮጥ የሚችለው ከወላጁ ጋር ቤት ቀይሮ ከመጣ ነው። ማስረጃቸው ምን መሰላችሁ? ስም። የቤቱ ኪራይ ውል በኔ ስም ነው፣ የኔ ላስት ኔም ደግሞ የአባቴ ስም ነው። የልጄ ላስት ኔም የባሌ ስም ነው፣ የባሌ የአባቱ ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ላስት ኔም። ለነሱ ይሄ ቤተሰብ ሳይሆን ደባል ነው።

ውድድሩ ቅዳሜ፣ አቤቱታው የሚታይበት ስብሰባ ሐሙስ ሆነ። ከሥራ አስፈቅጄ፣ የኤርፖርት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ሄድኩ። ሰብሳቢዋ ትሁት ሴትዮ ናት፤ ትህትናዋ ራሱ ያናድዳል። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፣ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም ብዬ በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳሁ። የልጄን የልደት ሰርተፍኬት ከነትርጉሙ ሰጠኋቸው። ትርጉሙን ቬሪፋይ እናደርጋለን፣ ቀናት ይፈጃል አሉኝ። ቀናት የለንም፣ ቅዳሜ ካልሮጠች አለቀ፣ የስቴቱን ውድድር አታገኝም አልኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

ያኔ ሰብሳቢዋ ከሣረኞቹ ጋር ወደተቀመጠው ሰውዬ ዞረች። አንተም ከዚያው አገር ነህ፣ እናትየዋ የምትለው ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ልቤ አረፈ። ተመስገን፣ የሚያውቅ ሰው ተጠየቀ አልኩ።

ሰውዬው ክራባቱን ነካ ነካ አደረገና “እኛ ቤት ሁላችንም አንድ ላስት ኔም ነው ያለን” አለ።

ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እዚህ ሲገባ የአባቱ ስም ወረቀቱ ላይ ላስት ኔም ሆነ፤ እሱም ያንኑ ለሚስቱም ለልጁም አደላቸው። ስለ አገሩ ተጠይቆ ስለ ቤቱ መለሰ፣ ከዚያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሰብሳቢዋ ራሷን ነቀነቀች። ትርጉሙ እስኪጣራ ድረስ ልጄ እንዳትሮጥ ተወሰነ።

ፓርኪንጉ ውስጥ ሰውዬው ደረሰብኝ። በአማርኛ አናገረኝ፤ ለካ ያውቃል።

“ምን ላድርግ፣ እህቴ” አለኝ። “ሲስተሙ ነው።”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ብዬዋለሁ። “እህትህ እዚያ መኪናህ ውስጥ ተቀምጣለች” አልኩት። “ስሟ ከነአባቷ ሲጠራ የአንተን አባት ነው የሚጠሩት። እኛ አገር እንደሱ የምትጠራ ልጅ አትባልም፣ እህት ናት።”

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሴት ልጁ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ “ዳድ፣ ዋት ዲድ ሺ ሴይ?” አለችው። “ናቲንግ” አላት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ደስታው ግን መኪናዬን እስክከፍት አልቆየም፤ ልጄ ወንበሯን ወደኋላ አስተኝታ ፊቷን በኮፍያዋ ሸፍና ነበር።

ቅዳሜ አንሄድም ብላት እሄዳለሁ አለች። ውድድሩ ሣረኞቹ ግቢ ነበር። ቱታዋን ሳታወልቅ፣ ከገመዱ ወዲህ ከኔ ጋር ቆማ የቡድኗን ልጆች በስም እየጠራች አበረታታች። የሰውዬው ልጅ አንደኛ ወጣች። በድምፅ ማጉያው ስሟ ከአያቷ ስም ጋር ተጠራ፣ አባቷ በስልኩ ይቀርጻል። ዞር ስል ልጄ ታጨበጭባለች።

“ምን ያስጨበጭብሻል?” አልኳት።

“ላይክ፣ እሷ ምን አደረገች? ሮጠች እኮ።”

እኔ አላጨበጨብኩም። ዛሬም ቢሆን አላጨበጭብም።

ማክሰኞ ስልክ ተደወለ፤ ሰብሳቢዋ ናት። እጄ በሊጥ ስለተለወሰ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ትርጉሙ ተጣርቷል፣ እናቷ መሆንሽ ተረጋግጧል፣ ከእንግዲህ ምንም ችግር የለም፣ ስለ ትዕግስትሽ እናመሰግናለን አለችኝ። ስለ ቅዳሜው ጠየቅኳት። የቅዳሜው ውጤት የጸና ነው አለች፣ በዚያው ትሁት ድምጿ። የልጄ የሃይስኩል ሩጫ በዚሁ አበቃ።

ልጄ ሶፋው ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ተነስታ መጣች፣ ሊጡን ሳትጠየፍ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣ አራስ እንደሚጠይቁ ሴቶች አንገቷን ሰበር አደረገች።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ” አለችኝ።

እኔ ሳቅ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።