የኤሪና ንስሐ

ኤሪናን የሚያውቅ ሁሉ ምላሷን ያውቃል። ካባሌ ገበያ ቡሼራ የሚባለውን የማሽላ መጠጥ እየሸጠች ሃያ ዓመት ስትኖር ያልነካችው ሰው የለም። ደንበኛ “ዛሬስ ቀጥኗል” ካለቻት፣ “አንቺ ወፍረሽ የለ፣ ይበቃሻል” ነበር መልሷ። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ግን ስድቡን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ጉድ ያመጣባት ንስሐዋ ነው።

እኛ የዳንን ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በኅብረታችን እየተነሣን ኃጢአታችንን በግልጽ እንናገራለን። ሸፋፍኖ ማለፍ እኛ ዘንድ ነውር ነው። አንድ ቅዳሜ ኤሪና ተነሣችና፣ “ጎረቤቴን ፔሬሲን በድያለሁ። ልጇ ኪዮሙጊሻ አክስቷ ዘንድ የደበቀችው ልጅ አላት ብዬ ምንጭ ዳር አምቻታለሁ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ” አለች።

እንደ ልማዳችን ዘመርን። ፔሬሲ አልዘመረችም። የልጅቷ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሙሽራው አክስት ኬዚያ ደግሞ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ምንጭ ዳር ሁለት ሰው የሰማውን ወሬ ለሰማንያ ሰው አደለችው እኮ! እኔም አፈርኩ። ግን ምን እዋሻለሁ፣ ጆሮዬን አቁሜ ነበር የሰማሁት።

ማታውኑ ኤሪና ፔሬሲ ደጅ ሄዳ አንኳኳች። ፔሬሲ በሩን ሳትከፍት፣ “ስታሚኝ ይሻለኝ ነበር” አለቻት።

ሰኞ ኬዚያ ገበያ መጣች። እኔ ከኤሪና አጠገብ ድንች እሸጣለሁ።

“ኤሪና፣ አንቺ መቼም አትደብቂም። እውነት ልጅ አላት?”

እውነት ነበር፤ ኤሪናም ታውቃለች። ቡሼራውን ደጋግማ ማማሰል ጀመረች። ያቺ ሴት ዝም ስትል እንዴት እንደምትጨነቅ እኔን ጠይቁኝ።

“የሰው ቤት ነገር እኔን አትጠይቂ፤ ራሷን ጠይቂ። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ? እግሬ ተሰብሮ ሁለት ወር ስተኛ ልብሴን ያጠበችልኝ፣ ውሃ የቀዳችልኝ እሷ ናት። አንድ ቀን አልተነጫነጨችም።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም።”

“አውቃለሁ። ከእኔ የምታገኚው ግን እሱን ነው።”

ኬዚያ ተቆጥታ ሄደች፤ ልጅቷንም ጠየቀቻት። ኪዮሙጊሻ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ለካ ሙሽራው ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል! ዘመዶቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲጯጯሁ ከረሙና ሠርጉ በቀኑ እንዲሆን ተስማሙ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኤሪና እንደገና ተነሣች። ፔሬሲ አንገቷን ደፋች።

“በአንደበቴ በድያለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ” ብላ ተቀመጠች።

መሪያችን ዮናታን፣ “እህት ኤሪና፣ ምን ብለሽ? ግልጽ አድርጊው እንጂ” አሏት።

“ጌታዬ ሰምቶታል፣ አባቴ። ሰው ግን ዳግመኛ አይሰማውም።”

እንዲህ ላለ ንስሐ መዝሙር ማንሣት አልለመድንም። ከኋላ ፔሬሲ ብቻዋን መዝሙሩን ጀመረች።