መስኮት የሌላት የመርከብ ክፍል

አባቴ ባረፈ በዓመቱ እናቴን ወደ ሚኒሶታ አመጣኋት። ብሩክሊን ሴንተር የተከራየነው አፓርታማ ባለ ሁለት መኝታ ነበር። አንዱን ለእሷ ለቀቅንላትና እኔና ልጄ በሌላው መተኛት ጀመርን። ልጄ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ የምትመልስ። እናቴ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው "ኖ" እና "ሶሪ" ብቻ ነበር። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ እኔ ከሥራ እስክገባ ድረስ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቴሌቪዥን እያዩ፣ እንደማይተዋወቁ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ዝም ብለው ይጠብቁኛል።

እናቴ ከል እንደለበሰች ነበር የመጣችው። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላም አላወለቀችውም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ "ይበቃል፣ እሱም በነፍሱ አይወደውም" እያሉ ይመክሯታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትሰማቸዋለች፤ ሻይ ትቀዳላቸዋለች፤ እስከ በሩ ትሸኛቸዋለች። ከዚያ በዚያው በጥቁር ቀሚሷና በጥቁር ነጠላዋ የበረንዳው በር አጠገብ ትቀመጥና በረዶው ሲወርድ ታያለች። አንድ ነገር ስጠይቃት ከሩቅ መንገድ እንደሚመለስ ሰው ቆይታ ነበር የምትመልስልኝ።

የመርከቡን ነገር የሰማሁት ከሥራ ቦታ ነው። ሜፕልዉድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ በየዓመቱ ብርዱ ሲበረታ ክሩዝ የሚሉት የመርከብ ሽርሽር ትሄዳለች፤ ስትመለስም ፎቶዋን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታሳየናለች። አንድ ምሽት እራት ላይ፣ ወሬ ለመፍጠር ያህል፣ ለእናቴ አወራኋት። ምግብ ቤቱን፣ መዋኛውን፣ ሙዚቃውን እየዘረዘርኩ ስቀጥል እናቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ እጇ ላይ አቆየችውና፣

"መኝታ ክፍሉስ ምን ይመስላል?" አለችኝ።

ከመጣች ወዲህ እሷ ቀድማ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እናቴ የአሰብ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ። እኔ ግን አዲስ አበባ ስለተወለድኩ፣ ቤታችንም ውስጥ የሚወራው የአባቴ ዘመዶች ወሬ ስለነበር፣ ስለ ባሕር የተነሳበትን ቀን አላስታውስም። በዚያ ምሽት ግን ነገረችኝ። አባቷ የወደብ ወዛደር ነበር፤ ከመርከብ ጭነት የሚያወርድ። ማታ ሲመለስ ለልጆቹ የሚያወራላቸው ስለ ጭነቱ ሳይሆን መርከበኞቹ ስለሚያድሩባቸው ክፍሎች ነበር። አልጋው ማዕበል እንዳይገለብጠው ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰራል። የጠረጴዛው ጠርዝ ብርጭቆ እንዳይንሸራተት ከፍ ይላል። ልብስ የሚቀመጠው አልጋ ሥር ነው። አሰብ በሙቀቱ ምክንያት ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ነበር የሚተኛው፤ እናቴም በገመድ አልጋዋ ላይ ተጋድማ የመርከቦቹን መብራት ስታይ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛች ይመስላት ነበር። ሴት ልጅ ወደ መርከብ ስለማትወጣ አንድም ቀን ገብታ አላየችውም። በኋላ አባቴ መጣ፤ አገባት፤ ወደ ደጋ ይዟት ሄደ።

በማግስቱ የእናቴን ጥያቄዎች ተሸክሜ ነርሷ ዘንድ ሄድኩ። አልጋው ይታሰራል ወይ? ሻወሩ ሰው ያቆማል ወይ? መርከቡ ሲወዛወዝ ዕቃ አይወድቅም ወይ? እየሳቀች መለሰችልኝ። ክፍሉ ካሰብሽው በላይ ጠባብ ነው፣ ግን ለሁሉም ነገር ቦታ አለው አለችኝ። የሚያዞርሽ ከሆነ ዝቅ ያለውንና መሀል ላይ ያለውን ያዢ፤ የሚወዛወዘው ጫፍና ጫፉ ነው። መስኮት የሌለው ክፍል ርካሽ ነው፤ እንቅልፉ ግን ለጉድ ነው፤ ቀኑም ጨለማ ነው። እኔም ዝቅ ያለውን፣ መሀል ላይ ያለውን፣ መስኮት የሌለውን ቡክ አደረግሁ። መስኮት አለመኖሩ ለእናቴ የሚነገር ነገር ሆኖ ያኔ አልታየኝም።

በየካቲት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄድን። ከሚኒያፖሊስ ስንነሳ የመኪናዬ በር በበረዶ ተጣብቆ በስንት ትግል ነው የተከፈተው። ፍሎሪዳ ደርሰን ከኤርፖርቱ ስንወጣ ግን አየሩ እንደ ሞቀ ፎጣ ፊታችን ላይ አረፈ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየሩን በአፍንጫዋ ሳበች። ሰው ከኋላችን እየተገፋ ነበር። "ጨው" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ መንገዱን ለቀቀች።

መርከቡ ከአጠገቡ ሲታይ መርከብ አይመስልም፤ በረንዳው ተቆጥሮ የማያልቅ ነጭ ፎቅ ነው። ከውስጥ ደግሞ ኮሪደሩ መጨረሻ የለውም። ምንጣፉ አንድ ዓይነት፣ በሮቹ አንድ ዓይነት፤ እየሄድን እየሄድን ያለንበት የምንረግጥ ይመስለኝ ነበር። በራችንን በካርድ ከፈትኩና መብራቱን አበራሁ።

እናቴ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ከዚያ በባዶ እግሯ ገብታ አንድ በአንድ በእጇ መመርመር ጀመረች። ጎን ለጎን የተዘረጉትን ሁለት አልጋዎች ጫነቻቸው። ከጣሪያው ተዘርግቶ የሚወርደውን የልጄን አልጋ መሰላል ነቀነቀችው። መሳቢያዎቹን ሳበች። ሻወሩ ውስጥ ልብሷን እንደለበሰች ቆማ ክርኗን ዘርግታ ለካችው፤ ክርኗ ግድግዳውን ነካ። የሽንት ቤቱን ውኃ ስትለቀው እንደ አውሬ ጮኾ ሲስበው ደንግጣ ወጣች። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣቷን አስኬደች፤ ከፍ ያለ ነገር አልነበረውም። "ይሄ ቀርቷል" አለች።

ከራስጌያችን ረጅም መጋረጃ ነበር። እናቴ ሁሉን ጨርሳ ወደ እሱ ሄደችና በሁለት እጇ ገለጠችው። ግድግዳ ነው። ለጌጥ የተሰቀለ መጋረጃ ኖሯል።

"መስኮቱስ?"

ይሄኛው ክፍል መስኮት እንደሌለው ነገርኳት። እናቴ ግድግዳውን ትንሽ አየችው። ከዚያ የተኛ ልጅ እንደምትሸፍን ሁሉ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ መለሰችውና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ወዲያው የመርከቡ ጡሩምባ ተነፋ። ከመነሳቱ በፊት ተሳፋሪ ሁሉ የነፍስ አድን ሰደርያውን ይዞ ለልምምድ እንዲወጣ ይደረጋል። ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኳቸው፤ ወፋፍራም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚያበሩ ነበሩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ፤ በጥቁር ቀሚሷ ላይ አለበስኳትና ቀበቶውን አጠበቅሁላት። አገጯ ሰደርያው ውስጥ ገባ። ልጄ ከመሰላሉ ላይ ሆና አየቻትና መሳቅ ጀመረች፤ አፏን በእጇ ብትይዘውም አልቆም አላት። እናቴ ዞር ብላ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ልጠጋት ስል ድምጿ ወጣ። ሳቅ ነበር፤ ድሮ ጎረቤት ድረስ የሚሰማው የእናቴ ሳቅ። በኮሪደሩ ሰው ሁሉ እንደኛ ብርቱካን ለብሶ ሲንጋጋ ስታይ ደግሞ ባሰባት፤ ደረጃውን የወጣነው እሷን በሁለት በኩል ደግፈን ነው።

መርከቡ ሲነሳ አልታወቀንም። ክፍላችን ተመልሰን መብራቱን አጥፍተን ተጋደምን፤ ውጭ ገና ፀሐይ ነበረች፣ እኛ ዘንድ ግን ዓይን ቢገለጥም ቢጨፈንም አንድ ነው። እንዲህ ያለ ጨለማ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቼ አላውቅም። እናቴ በጨለማው ውስጥ፣

"ግድግዳውን ንኪው" አለችኝ።

መዳፌን አሳረፍኩበት። ከሩቅ፣ ከታች፣ እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ ነገር ይንዘፈዘፍ ነበር።

"አባቴ መርከብ ይተነፍሳል ይል ነበር" አለች እናቴ።

ልጄ ቴሌቪዥኑን ስትነካካ አንድ ቻናል ላይ ደረሰች። ካሜራው መርከቡ ግንባር ላይ የተተከለ ነው፤ ከፊት ያለውን ባሕር ያለ ድምፅ ያሳያል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ክፍሉ በአንዴ ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊው ግድግዳው ላይ፣ አንሶላው ላይ፣ የእናቴ ፊት ላይ ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። ልጄ ከላይ ወርዳ አያቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባች። እናቴ ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ጨው ክምሩ፣ ከአሸዋው ስለሚወጡት ሸርጣኖች። ልጄ ያልገባትን ቃል ስትሰማ ትደግመዋለች። "ሸርጣን?" ትላለች፤ እናቴ ጣቶቿን አንሶላው ላይ እያስሮጠች ታሳያታለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ልጄ ትነግራታለች። እኔ መሀል ገብቼ ላስተርጉም እልና እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ አሁንም እያወሩ ነው፤ ሰማያዊው አሁንም ይሄዳል። ቀን ይሁን ምሽት አላውቅም፤ ምሳ ይሁን እራት ያለፈኝ አላውቅም። እንደዚያ ዓይነት እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ አግኝቼ አላውቅም።

ክፍላችንን የሚያጸዳልን አንድ ጎልማሳ ህንዳዊ ነበር። እናቴ እንግዳ ወንድ አልጋዬን ሲያነጥፍልኝ አይሆንም ብላ ጠዋት ጠዋት ሦስቱንም አልጋ ራሷ ታነጥፋለች። እሱ መጥቶ ያየዋል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእናቴ ጎንበስ ይላል፤ እኛ ስንወጣ አፍርሶ እንደገና ያነጥፈዋል። ስንመለስ ፎጣውን አጣጥፎ ዝሆን አስመስሎ የእናቴ ትራስ ላይ አስቀምጦት እናገኛለን። እናቴ ዝሆኑን ለመፍታት ስለሳሳች ከዚያ በኋላ በልጄ ፎጣ ነበር ፊቷን የምታብሰው።

ጉዞው ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት ስነቃ የእናቴ አልጋ ባዶ ነው። በደንብ ተነጥፏል። ልጄን ቀስቅሼ ክፍሉን እንዳትለቅ ነግሬያት ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው የለም፤ ያ ሁሉ አንድ ዓይነት በር ተዘግቷል። እንግሊዝኛ አታውቅ፣ የክፍላችንን ቁጥር አታውቅ፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ከተሰቀሉበት ሥር፣ የእንጨቱ ወለል ላይ፣ አጥሩን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ጎሕ እየቀደደ ነበር። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ክንዷ ላይ ጠቅልላዋለች፤ ሽበቷን ነፋስ ይበትነዋል።

ስጠጋት አልደነገጠችም። የምጠብቀው ለቅሶ ነበር፤ ፊቷ ግን ደረቅ ነው።

"አባትሽ ባሕር ይፈራ ነበር" አለችኝ። "ሊያገባኝ የመጣ ጊዜ እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው። እኔም ተውኩለት፤ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አንስቼበት አላውቅም።"

አጠገቧ ቆምኩ። እሷም ቀጠለች፤ ከመጣን ጀምሮ ደስ ባላት ቁጥር እሱን የከዳችው እየመሰላት ከደስታው ትመለስ እንደነበር ነገረችኝ።

"ዛሬ ነገርኩት" አለች በመጨረሻ። "ጮክ ብዬ ነገርኩት። አሁን አንተ አትፈራም፣ እኔም ልየው አልኩት።"

ፀሐይዋ ከውኃው ስትወጣ እዚያው ነበርን። ከዚያ እናቴ መንገዱን እየመራች፣ ቀኝና ግራውን ሳትስት ክፍላችን ድረስ አደረሰችኝ። ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀን ነበር። እናቴ ጥቁር ልብሷን አውልቃ በሥርዓት አጠፈችውና አልጋ ሥር ካለው መሳቢያ ከተተችው፤ ከሻንጣዬ ውስጥ የእኔን ሰማያዊ ቀሚስ መርጣ ለበሰች። ትንሽ ረዘመባት። ልጄ ተንበርክካ ከታች አጠፈችላትና "ቆንጆ ነሽ፣ እማማ" አለቻት፣ በአማርኛ። እናቴ አገላብጣ ሳመቻት። እኔ ፊቴን ልታጠብ ሻወሩ ጋ ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

ሚኒያፖሊስ ስንመለስ በረዶው እንደተውነው ነበር። ለብዙ ቀናት የቤታችን ወለል ከሥራችን ይወዛወዝ ነበር። እናቴ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን ስትሄድ ግድግዳ ይዛ ነው፤ ልጄም ሆን ብላ እየተንገዳገደች ትከተላታለች። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጡ። እናቴ በሰማያዊ ቀሚስ በሩን ስትከፍትላቸው ለአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ አንዷ ጉንጯን ስማ "እንኳን ደህና መጣሽ" አለቻት። ስለ ልብሱ ሌላ የተነገረ የለም።

በረዶው ቀልጦ ወንዙ ለጀልባ ሲከፈት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴንት ፖል ወንዝ ዳር ወሰድኳቸው። እህል የሚጭኑት ጠፍጣፋ ጀልባዎች እርስ በርስ ታስረው ይሄዱ ነበር፤ ከኋላ ሆኖ የሚገፋቸው መርከብ ትንሽ ነው፣ የሰፈር ኪዮስክ የምታህል ክፍል ተሸክሟል። ከበሩ አንድ ሰው ኩባያ ይዞ ብቅ አለና ወደ ውኃው ደፍቶ ተመልሶ ገባ። ልጄ እዚያ ውስጥ ሰው ያድር እንደሆነ አያቷን ጠየቀቻት። እናቴም ሳያድር አይቀርም አለች፤ ሥራው ከባድ መሆኑን፣ የሚተኙትም በየተራ መሆኑን አባቷ ይነግራት እንደነበር እየጨመረች። እኔ ለከሰዓቱ ሺፍት እንዳይረፍድብኝ መኪናዋን አስነስቼ ጠበቅኋቸው። እነሱ ግን ጀልባዎቹ ድልድዩን አልፈው እስኪሰወሩ ድረስ ከዳር አልተንቀሳቀሱም።