በየጠዋቱ የሚወጣው መልእክት

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጸሐፊዋን «መትረየስ» ይሏታል፤ በታይፕ ዘመን ስትጽፍ ድምፁ ኮሪደሩን ይሞላው ነበር። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህም ጣቷ አልደከመም። ምላሷም ያው ነው። አንድ ቀን የኮምፒውተር ጠጋኙ እንድትተይብለት ያመጣላትን የዕረፍት ማመልከቻ ጮክ ብላ አነበበችና «ይሄን የጻፍከው በእግርህ ነው?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው አብሮ ሳቀ፤ ግን ቂም ቋጠረ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ኮምፒውተሬን ላጽዳ ብላ የማታውቃቸውን ፋይሎች ከዚህ እያነሣች እዚያ ወረወረች። በማግስቱ ማሽኑን ስትከፍት፣ ራስና ጭራው የማይታወቅ ጽሑፍ የሞላበት ገጽ በራሱ ብቅ አለ። ብትዘጋው በነጋታው ተመልሶ መጣ።

ጠጋኙን አስጠራችው። እሱ ገና ሲያየው ገባው፤ አንዲት የሲስተም ፋይል ቦታዋን ስታ፣ ማሽኑ ሲነሣ አብረው ከሚከፈቱት መሀል ገብታለች። ከዚያ ማውጣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ምን ነክተው ነው?»

«ምንም። ቆሻሻ ነው ያነሣሁት።»

«ይሄ በወጣ ቁጥር አለቃው ጋ ይመዘገባል። እኔ የለሁበትም።»

«በሞቴ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ!»

«እግዜር ያውጣዎት» ብሏት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ማጥፋት ተወች፤ በሻርፕ ሸፍናው ትሄዳለች። መብራት ተቋርጦ ሲመጣ ግን መልእክቱ አይቀርም። ጠጋኙ በበሯ ሲያልፍ «ዛሬስ መጣ?» ይላታል በሹክሹክታ። ፊደል መግደፍ ጀመረች። «መትረየሱ ነከሰ፣ መተኮስ አቃተው» ተባለ።

ጭንቀቱ ሲብስባት፣ ፋይሎቹን ወደየቦታቸው ልመልስ ብላ ገባች። የቱ ከየት እንደመጣ ስለማታስታውስ የቀረውንም አበላሸችው። ማሽኑ አልነሣም አለ። አለቃው ደግሞ አስቸኳይ ደብዳቤ እየጠበቀ ነው። ጠጋኙ ተጠርቶ ከምሳ በፊት አስነሣው፤ ያቺንም ፋይል አወጣት። «ሥራው ከአቅማቸው በላይ ሆኗል፤ ዕድሜም አለ» አለው ለአለቃው። እሷን ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት ጣሏት።

ጠጋኙ ነገሩን ሻይ ክበብ ውስጥ ቀልድ አድርጎ አወራው። እዚያ ሻይ የምትቀዳው ደግሞ አብራት የምትኖረው ታላቅ እኅቷ ናት። ራት ላይ ታላቅየዋን አላስችል አላት።

«አንዲት ፋይል ናት አሉ። ከገባችበት ብታወጫት ያበቃ ነበር። አለቃ ጋ የሚመዘገብም ነገር የለም።»

«ማን ነው ያለው?»

«ጠጋኙ ራሱ ነዋ! ሁሉም ሰምቷል። ‹በሞቴ› እያልሽ እንዴት እንደለመንሽው ሲያሳይማ...» ሳቅ አመለጣት።

ታናሽየዋ ሳህኗን አንሥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬም በአንድ ክፍል ይኖራሉ፤ አንዷ በልታ ስትነሣ ሌላዋ ትቀርባለች።

በቅርቡ መዝገብ ቤትም ኮምፒውተር ገባ። የሚጠግነው እሱ ነው። ሲመጣ ተነሥታ ወንበሯን ትለቅለታለች።