እናቴ «ሆነልኝ» ያለችው ጠላ

እናቴ ጠላዋን አመስግና አታውቅም። ቡሬ አጠገብ ባለችው መንደራችን ሠርግ ሲደገስ፣ ማኅበር ሲደርስ፣ ለጥንስሱ የምትጠራው እሷ ነበረች። እሷ ግን ገና የመጀመሪያውን አንኮላ፣ ያን የቅል ዋንጫ ሞልታ ለእንግዳ ስታቀብል «ቀጠነብኝ፤ ዘንድሮስ አልሆነልኝም» ትላለች። እንግዳውም ጎንጨት ብሎ «ኧረ ግሩም ነው!» ማለት አለበት። ደንቡ ነው፤ የገዛ ጠላዋን የምታወድስ ሴት እንደ ባለጌ ትታያለች። የኔዋ ግን አበዛችው። ጎረቤቶቿ በሌለችበት «ቀጠነብኝ» እያሉ ይጠሯት ነበር። እኔም ትምህርት ቤት «የቀጠነብኝ ልጅ» እየተባልሁ ከስንቱ ጋር ተናንቄያለሁ።

ልጅ ሳለሁ የኔ ድርሻ ጌሾ መውቀጥ ነበር። ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ ምራቄ ሲመረኝ ይውላል። ዳጉሳው ሲቆላ፣ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ሲታጠን ቤቱ የሚሸተውን ሽታ ዛሬም ድንገት መንገድ ላይ ቢያገኘኝ እቆማለሁ። ታላቅ ወንድሜ ይግዛው ደግሞ ሥራው ማሾፍ ነበር። ድፍድፉ መፍላት ሲጀምር ጆሮውን ጋኑ ላይ ይለጥፍና «እማዬ፣ ቀጥኖብሻል እያለ ነው» ይላታል። እሷም ያገኘችውን የጌሾ እንጨት ትወረውርበታለች፤ እየሳቀች።

ያ ሳቅ አባቴ ሲሞት ቆመ። የገደለው ድንበርተኛችን አበጀ ነው። በክረምት እርሻ አንዲት ፈር ወደኛ ገፋህ፣ አልገፋሁም ተባባሉና፣ በዱላ አንድ ጊዜ ጭንቅላቱን መታው። አባቴ ወደ ቤት የመጣው በቃሬዛ ነው። አበጀ ታስሮ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ተፈታ። ለመንግሥት ጉዳዩ አለቀ፤ ለኛ ግን ደሙ አልደረቀም።

አበጀ ሲፈታ ይግዛው ጎረምሳ ሆኖ ነበር። የአባቴን ጠመንጃ ከግድግዳው አወረደና ፀጉሬን አልላጭም አለ። በኛ አገር ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል፤ ደሙን እስኪመልስ ድረስ ነው። ፀጉሩ እየጎፈረ፣ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ለቅሶ ቤት በሄደ ቁጥር አንዷ አልቃሽ የአባቴን ስም እያነሳች ነካ ታደርገዋለች። ሰዉም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል፣ እንደዋዛ፣ ወደሱ ሳያይ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ፦ ይግዛው አበጀን ይገድላል፣ የአበጀ ወንድሞች ይግዛውን ይገድላሉ፣ እኔና እማዬ እንቀራለን። እናቴ መጥመቅ ተወች። ጋኖቿ ጓዳ ውስጥ ተደፍተው አቧራ ጠጡ።

ሽማግሌዎች ተመላለሱ። ዋናቸው የደብራችን ቅኔ መምህር መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ። እናቴ ስንት ጊዜ ከደጅ ከመለሰቻቸው በኋላ አንድ ቀን እሽ አለች፤ ነገር ግን የዕርቁን ጠላ እኔ እጠምቃለሁ፣ እኔው እቀዳለሁ ብላ ድርቅ አለች። ይኼን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ ልትመርዘው ነው። መሪጌታ ዙሪያውን ዞረው፣ ልጄ ደክመሻል፣ ለዛሬስ ጎረቤት ይጥመቅልሽ ቢሏት፣ ጠላዬን ሰው አይጠምቅልኝም አባቴ አለቻቸው። ሲወጡ አጥሩ ሥር ቆመው ለጓደኞቻቸው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«ጠላ ነው ያለችን። የሚጠጣው ይሁን ያ ሌላው፣ ሲቀዳ እናየዋለን።»

ጓደኞቻቸው ቅኔው ገብቷቸዋል፤ ግን አልሳቁም።

እማዬ ጋኗን አቅንታ ታጥብ ጀመር። ጌሾውን ወቀጥሁላት። ያን ሰሞን አላዜመችም፣ አልቆጣችኝም። እሷ ዘወር ባለች ቁጥር ጓዳ ገብቼ እቃዎቿን እበረብር ነበር፤ ምን እንደምፈልግ ራሴም አላውቅም። መርዝ ምን እንደሚመስል የት አይቼ!

የዕርቁ ቀን አበጀ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ግቢያችን ገባ። በግንባሩ መሬት ተደፋና «ስለ እመቤታችን ማሩኝ» አለ። ከስቷል፤ ስፈራው የኖርሁት ሰው ይኼ ነው ወይ አልሁ። መሪጌታ ድንጋዩን አወረዱለትና ከይግዛው ፊት ለፊት አስቀመጡት። ይግዛው ቀና ብሎም አላየውም።

እናቴ እንስራዋን ይዛ መጣች። ቀጂ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ለጠጪው መተማመኛ ነው። ጠብ አድርጋ ቀመሰች። የሰዉ ዓይን ግን አልተነሳላትም። ያን ጊዜ አንኮላውን እስከ አፉ ሞላችና ቆማ ጨለጠችው። ቀጥላም በዚያው አንኮላ ሞልታ ለአበጀ ሰጠችው። «ቀጠነብኝ» አላለችም። አበጀ ደረቱ ላይ እያፈሰሰ ግማሹን ጠጣ።

«የቀረው የልጁ ነው» አሉ መሪጌታ።

ይግዛው ተቀብሎ ያዘው። ከጠጣ አለቀ፤ ከአንድ አንኮላ ጠጥቶ ደም ያፈሰሰ ዘሩ አይባረክም። ካልጠጣ ደግሞ ጠመንጃው እዚያው ቤት አለ። ውስጡን ትኩር ብሎ ያየዋል። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ አጎንብሼ እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ ማርያም እላለሁ። ባዶው አንኮላ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁና ቀና አልሁ። እናቴም ዞረች፤ ጠማቂ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀችው።

«እንዴት ነው?»

ይግዛው ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ቀጥኖብሻል እማዬ» አላት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። ሽማግሌዎቹም ዓይናቸውን ጠረጉ። «የለም» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «ዛሬስ ሆነልኝ።»

ሌላ ጊዜ ያን ቃል ከአፏ አልሰማሁትም። ይግዛው በማግስቱ ፀጉሩን ተላጨ። አገባ፣ ወለደ፣ የአባቴን መሬት አረሰ። ከአበጀ ጋርም በደቦ ይገናኙ ነበር፤ ብዙ አያወሩም፣ ግን ከአንድ ጋን ይጠጣሉ።

ዛሬ እኔ ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። ሠርግ ስጠራ ቢራው በሳጥን ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ ቆርኪው ተፈንቅሎ ይቀርባል። ማንም በመዳፉ አይቀምስልኝም፣ ማንም «ቀጠነብኝ» ብሎ አይሽኮረመምብኝም። መቼም ጥሩ መጠጥ ነው፤ አልዋሽም። የማን እጅ እንደሠራው ግን አላውቅም።

በዚህ ክፉ ጊዜ ይግዛውን አጣነው። ጌሾ ጭኖ ወደ ቡሬ ገበያ ሲወርድ መንገድ ላይ ጥይት አገኘው። ከወዲህ ይተኮስ ከወዲያ፣ ታስቦ ይሁን ተስቶ፣ ያየ የለም፤ ያየም ቢኖር አይናገርም። አስከሬኑን ተሸክመው ካመጡት አንዱ አበጀ ነበር፤ አርጅቶ፣ እየተደናቀፈ፣ ቃሬዛውን ለሰው አልለቅም ብሎ። መሪጌታ አርፈዋል። ቢኖሩስ ሽማግሌ ወደ ማን ይላካል?

ለተዝካሩ እናቴ በዚያ እድሜዋ ራሷ ጠመቀች። አንዱን ጋን ግን ለይታ አፉን በጭቃ መርጋ ጓዳ አስቀረችው። ለማን ነው ብንላት፣ ለገደለው ነው አለች። ጎረቤት ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው አለ። እኔ ግን ያንን የዕርቅ ቀን አስታወስሁ።

ባለፈው መንገድ ሲከፈት ሄድሁ። ጓዳ ይዛኝ ገባችና ምርጊቱን በጣቷ ፈረፈረችው። የሆምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን መታው። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ መዳፌ ላይም ጠብ አደረገችልኝ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

ያ ሳቋ እንደገና ይመጣ መስሎኝ፣ «ቀጥኖብሻል እማዬ» አልኋት።

አልሳቀችም። «አበጀስ ስም ነበረው» አለች፣ ጋኑን እያየች። «ይኼን ማን ብዬ ልጥራው?»

ከዚያ ጭቃ እንዳቦካላት ጠየቀችኝ። አቦካሁላት፤ ጋኑንም መልሳ መረገችው።