የባሎቴ ጣሳ

ዝናብ ገና ውኃ ያልነካው አዲስ ሸክላ ላይ ሲያርፍ የሚወጣ ሽታ አለ፤ አፈርም ጭስም ይመስላል፣ ግን ሁለቱም አይደለም። ባለፈው ሳምንት ለበረንዳዬ በገዛኋቸው የአበባ ማሰሮዎች ላይ የከሰዓቱ ዝናብ ድንገት ሲወርድባቸው ያ ሽታ መጣ። ሌላው ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያገኝ ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ላይ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ ገና ያልተወለደ ወንድሜን የገደልኩት መስሎኝ ሦስት ሳምንት የኖርኩት በዚያ ሽታ ውስጥ ስለሆነ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

አባቴ ከጎጃም በመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ እናቴ አስካለ ደግሞ ከጨንቻ ደጋ ወርዳ ያገባችው የጋሞ ልጅ ነበረች። የሁለቱም ዘመድ ሩቅ ስለነበረ ዘመዶቻችን የእናቴ የማርያም ማኅበር ሴቶች ነበሩ። ዐሥራ ሁለት ሆነው ወር በገባ በሃያ አንድ በየቤታቸው በተራ እየደገሱ ይሰበሰቡ ነበር፤ እኔ ስወለድ እናቴን የያዟት፣ ገንፎውን ያገነፉት፣ ወባ ሲይዘኝ እየተፈራረቁ ያስታመሙኝ እነሱ ነበሩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪዋ፣ እትዬ ዘነበች ከእኛ ቤት አራተኛው በር ላይ ይኖሩ ነበር፤ እሳቸው የተናገሩትን ሌሎቹ እንደ ትእዛዝ ይሰሙታል።

እናቴ ፈሪ ነበረች። አባቴ ለሥራ ካምባ የሄደ እንደሆነ መኪናው በሐሳቧ ሦስት ጊዜ ሳይገለበጥ አይመለስም ነበር። ውሻ ቢያላዝን ትፈራለች፣ እኔ ባላስል ራሱ ለምን አላሳለችም ብላ ትፈራ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ጠባይዋን ሳትቀንስ አውርሳኛለች።

በጋ ላይ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው፣ ከላንቴ ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች አቧራውን ሲያለብሱን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሎቴ ትመጣ ነበር። ባሎቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ድስቱን፣ ማሰሮውን፣ እንስራውን በገመድ አስራ፣ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ ሸክም በጀርባዋ አዝላ ከደጋ ወደ ገበያ ስትወርድ እኛ በር ላይ አረፍ ብላ ውኃ ትጠጣለች። ሸክሟን ማውረድ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ መጀመሪያ ትንበረከካለች፣ ከዚያ ወደ ኋላዋ ቀስ ብላ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ገመዱን ከደረቷ ትፈታና ማሰሮዎቹን ሳታጋጭ ብድግ ትላለች። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበርና እኔን ሁልጊዜ «ልጄ፣ እናትህ ደህና ነው?» ትለኝ ነበር።

ውኃዋን የምትጠጣው በጣሳ ነበር። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተንጠለጠለች የቲማቲም ጣሳ አለች፤ ከባሎቴ በቀር ማንም አይጠጣባትም፣ ታጥባም ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር አትቀመጥም። እኔ ባሎቴን ስለምንወዳት የራሷ ዕቃ ያላት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ደጋ ላይ ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም፤ የጠጣ ሰው ‹ጎሜ› ያገኘዋል ይባላል፤ ይኸውም የተከለከለውን የነካ መከራው በራሱ፣ በራሱ ባይሆን በልጁ ይወርድበታል ማለት ነው። የአባቴም አገር ሰዎች በሌላ ስም ያንኑ ፍርሃት ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ ሲቀላ ላይ የጎጃሙም የጨንቻውም ቤት፣ በሌላ ነገር ባይስማማ፣ በጣሳዋ ይስማማ ነበር። ወጣችን የሚሠራው በባሎቴ ድስት፣ የማኅበሩ ጠላ የሚጠመቀው በባሎቴ ጋን መሆኑን ደግሞ የሚያስታውስ አልነበረም።

የበልግ ዝናብ ሲገባ እናቴ ሆዷ ገፋ። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ስለጨነገፈባት የዚያን ጊዜ ፍርሃቷ ወሰን አልነበረውም፤ ቆማ እየሠራች ድንገት እጇን ሆዷ ላይ ታሳርፍና «ተንቀሳቀሰ መሰለኝ» ትላለች፣ ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ኧረ አልተንቀሳቀሰም» ትላለች። እኔ በበኩሌ ትምህርት ቤት ዘር ትከሉ ተብለን የፓፓያ ፍሬ የምተክልበት ዕቃ ፈልጌ አጣሁና ጣሳዋን ከምስማሩ አወረድኳት፤ ታቹን በምስማር በሳሁ፣ አፈር ሞላሁባት፣ ጓሮ ደበቅኳት። ባሎቴ ዝናቡ ሲበረታ ለሳምንታት ስላልወረደች ማንም ልብ አላለም።

ሚያዝያ ማርያም የእናቴ ተራ ደረሰ፤ ቀኑም ቅዳሜ ላይ ዋለ። የንስሐ አባታችን ድፎውንና ጠላውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ቀድመው ሄዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተከትለው ተቀምጠዋል፤ የተባረከው ጠላ በአንዲት ዋንጫ ለሁሉም በተራ ይዞራል፤ ማብቂያው ላይ ከዋንጫዋ የተለየውን፣ የማርያም ሥዕል ያለበትን ጽዋ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። እንደዚያ እያለን ባሎቴ በዝናብ በስብሳ፣ ማሰሮዎቿም በስብሰው፣ ያ ሽታ ቀድሟት በራችን ላይ ደረሰች። በማኅበር ቀን የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይመለስምና እናቴ ከጓዳ ሆና «ለባሎቴም ዳቦና ጠላ ስጫት» አለችኝ።

ዳቦውን ሰጠሁ። ወደ በሩ ጀርባ ዞር ስል ምስማሩ ባዶ ነው። ጣሳዋን በሳኋት ብል ዱላ ነው፤ ብርጭቆዎቹ ሁሉ በእንግዶቹ እጅ ናቸው፤ ነጻ የሆነችው መደቡ ላይ ዙሯን ጨርሳ የተቀመጠችው የማኅበሩ ዋንጫ ብቻ ነበረች። ማንም ሳያየኝ በቶሎ ታጥባ ትመለሳለች ብዬ ጠላ ሞላሁባትና ለባሎቴ ሰጠኋት።

ባሎቴ ግማሹን እንደጠጣች የሴቶቹ ዓይን ሁሉ በሩ ላይ ተተከለ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ባሎቴ ግን ዓይኖቹን ተከትላ እጇ ውስጥ ያለውን አየችና ደርቃ ቀረች። «እኔ አልጠየቀም» አለች፣ ድምፅዋ በቅጡ ሳይሰማ። እትዬ ዘነበች «አስካለ! ዋንጫው!» ብለው ጮኹ።

እናቴ ሆዷን ደግፋ ከጓዳ ወጣች። አየችኝ፣ ምስማሩን አየች፣ ባሎቴን አየች። ዋንጫዋን ተቀብላ ወደ ደጅ የምትደፋው መስሎኝ ነበር፤ ሁሉም የጠበቀው እሱን ነው። እሷ ግን በሁለት እጇ ተቀበለቻት፣ አማተበች፣ የቀረውን ጠላ ጠጣችው። ሳትተነፍስ ስለጠጣችው እኩሌታው በአገጯ ወርዶ ነጠላዋን አበላሸው። ከዚያ «ስለ ማርያም የተሰጠ ነው፤ እሷም እንደ ሁላችን ጠጣች» አለች።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ማንም አልተሳደበም፤ እንዲያውም «እግዜር ይስጥልን» እያሉ ነው የወጡት። ጽዋውን የሚወስድ ግን ጠፋ፤ ተረኛዋ ራሴን አሞኛል አለች፣ እትዬ ዘነበችም ሳያዩት አልፈውት ሄዱ። ማታ አባቴ ነገሩን ሲሰማ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «እስክትወልጂ እንኳ ብትታገሺ ምን ነበረበት?» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጭር አለ። እሳት ልጫር ብሎ የሚመጣ፣ ወንፊት የሚዋስ፣ በአጥር ላይ «አስካለ፣ እንዴት አደርሽ?» የሚል ጠፋ። ባሎቴም ራሷ በሌላ መንገድ መውረድ ጀመረች። እናቴ በቀን መቶ ጊዜ ሆዷን ትነካ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ፊቷን አያለሁ። ጎሜ በልጅ ላይ ይወርዳል ከተባለ ልጁ እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው፤ ዋንጫዋን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ጓሮ ሄጄ ፓፓያውን ነቅዬ ጣሳዋን ምስማሩ ላይ ልመልሳት አሰብኩ፤ ግን ቡቃያው ሁለት ቅጠል አውጥቶ ስለነበር እሱንም መግደል ፈራሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ግንቦት ላይ፣ ረፋዱ ላይ እናቴ ምጥ ያዛት። አባቴ ካምባ ነበር። «ዘነበችን ጥሪልኝ» አለችኝ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ሮጥኩ። በራቸውን ሳንኳኳ ከውስጥ እትዬ ዘነበች በራሳቸው ድምፅ «የሉም በያት» ሲሉ ሰማሁ፤ ሠራተኛዋም በቀዳዳው «የሉም» አለችኝ። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ቤት እንዲሁ ሆነ፤ አንዷ ሊጥ እያቦካሁ ነው አለች፣ አንዷ ጭራሽ አልከፈተችም። ያኔ ነው እግሬ ወደ ገበያ፣ ወደ ሸክላ ተራ የወሰደኝ።

ባሎቴ ሳለቅስ አይታኝ ገና ሳልናገር ተነሣች። የሆነውን ስነግራት ግን ቆም አለች። «እኔ ቤት ገባ፣ ሰው ምን ይላል? በእኔ ምክንያት እናትህ ተጠላ» አለች።

«ማንም የለም» አልኳት። «ማንም አልመጣም፣ ባሎቴ።»

ማሰሮዎቿን እዚያው ሜዳ ላይ ጥላ ተከተለችኝ። ጭቃው መንደራችን ባጃጅ ስለማያስገባ እናቴ ጤና ጣቢያ ለመድረስ እስከ አስፋልቱ በእግሯ መሄድ ነበረባት። ባሎቴ የእናቴን ክንድ በአንገቷ አዙራ፣ ወገቧን አቅፋ፣ ሸክም በለመደ ጉልበቷ ቀስ እያደረገች ከቤት አወጣቻት፤ ጭቃ የነካው እጇ የእናቴ ነጭ ነጠላ ላይ ታትሟል። በጋሞኛ የሆነ ነገር በጆሮዋ ትነግራታለች፤ እናቴም ልጅ ሆና የተናገረችበትን ቋንቋ እየሰማች ትራመዳለች። በሮች ገርበብ እያሉ ይዘጋሉ። እኔ ከኋላ የማርያም ሥዕል ያለበትን ጽዋ አቅፌ እከተል ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አራተኛው በር ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ሳይደርቡ፣ በአንድ እግራቸው ብቻ ጫማ አድርገው ቆመዋል። መጀመሪያ የእናቴን ፊት አዩ፣ ቀጥሎ የያዝኩትን ሥዕል አዩ። ከዚያ ወደ ጭቃው ወረዱና የእናቴን ሌላ ክንድ ያዙ። «ቀስ በይ፣ በዚህ በኩል ያዝኳት» አሉ። ይህን የተናገሩት ለባሎቴ ነበር፤ ስሟን ባይጠሯትም በቀጥታ ሲያናግሯት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድሜ በጤና ጣቢያው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተወለደ። ሲያለቅስ ግድግዳው ላይ ተደግፌ ሰማሁትና እኔም ከእሱ ብሼ አለቀስኩ። በገንፎው ቀን ባሎቴ በር ላይ ልትቀመጥ ስትል እናቴ «እሷ ሳትቀርብ አልበላም» አለች፤ ሁሉም እትዬ ዘነበችን አየ፤ እሳቸውም ቅር እያላቸው፣ ግን ሸርተት ብለው ቦታ ለቀቁላት። ጽዋውንም በዚያው ወሰዱ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም፤ ከማኅበሩ አምስት ሴቶች እንደወጡ ቀሩና ሌላ ማኅበር መሠረቱ፤ ከእናቴ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው።

ካደግሁ በኋላ እናቴን «ያን ቀን እንዴት አልፈራሽም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ማን አለሽ አልፈራሁም?» አለችኝ። «ብጠጣው ልጄን ፈራሁ። ብደፋው ደግሞ ነገ በማርያም ሥዕል ፊት ቆሜ ምን እላታለሁ ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው ባሰብኝ።»

አሁን ወንድሜ ከአባቴ በቁመት በልጧል። ፓፓያው ጓሮ ውስጥ ለዓመታት አፈራ። እኔ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር የራሴን ቤት ይዣለሁ፤ እንግዳ ሲመጣም ለእያንዳንዱ የታሸገ ውኃ ስለምናቀርብ ማን በማን ዕቃ ጠጣ የሚል ነገር አይነሣም፤ ያ ዘመን አልፏል ብዬም አምን ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአበባ ማሰሮዎቹን ያመጣችልኝ ሴት ሸክሟን እንደ ባሎቴ ተንበርክካ አወረደችና ውኃ ለመነች። የአምስት ዓመት ልጄ ወደ ኩሽና ሮጣ፣ ለቀን ሠራተኛና ለልብስ አጣቢዋ ለብቻ የምትቀመጠውን፣ እጀታዋ የተሰበረ ኩባያ ይዛ ወጣች። ማንም እንዲያ አድርጊ አላላትም። እንዲህ ያለች ኩባያ በቤቴ መኖሯን ያስተዋልኩትም ያን ጊዜ ነው። ከልጄ እጅ ተቀብዬ አስቀመጥኳትና እኔ የምጠጣበትን ብርጭቆ ሞልቼ ለሴትዮዋ ሰጠኋት፤ እሷም ግማሹን ጠጥታ፣ አመስግና መለሰችልኝ። ልጄ ቆማ ታየኛለች። እናቴ ልጅ በሆዷ ይዛ፣ ዐሥራ አንድ ሴቶች እያዩዋት ጠጥታዋለች፤ እኔ ግን ከአንዲት ሕፃን በቀር የሚያየኝ ሳይኖር፣ የቀረውን ልጠጣ ብርጭቆውን ወደ አፌ ከማንሣቴ በፊት ዞር ብዬ የጎረቤቶቼን መስኮት አየሁ።