አይሰማኝም፣ ተመስገን

ባለፈው ሳምንት ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ከመንገዱ ማዶ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ባዶውን ያስሮጠዋል። ክርም ጨርቅም የለበትም፤ ደንበኛ ያጣ ሰው እግሩ ዝም ብሎ ሲረግጥ ነው። ጨርቅ የገባበት መኪና ድምፁ ወፍራምና የረጋ ነው። ባዶው ግን ይንቀጫቀጫል፤ ጥርስ ላይ ይሰማል። ልዩነቱን የማውቀው የስፌት ሰው ሆኜ አይደለም፣ ቁልፍ እንኳ የምተክለው በግድ ነው። ልጅ ሳለሁ ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ የሻረግ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ነው። መቀመጥ አቃተኝና ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ረዳቱ "እህት፣ ልንሄድ ነው እኮ" እያለ ሁለት ጊዜ ዋሸኝ።

እትዬ የሻረግ ወፈር ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው አብሮ የሚስቅ ሴት ነበሩ። ቤታቸው የማሽን ዘይትና ያልታጠበ አቡጀዲ ይሸታል። የሚተኩሱት በከሰል ካውያ ነው፤ ወለል ላይ የተበተነ ስፒል የሚለቅሙት ደግሞ ከተሰበረ ሬዲዮ በወጣ ማግኔት። ክር ለመቁረጥ መቀስ አያነሡም፤ ጎንበስ ብለው በግራ ጥርሳቸው ቀጭ ያደርጉታል። የሰፈራችን ልጆች ዩኒፎርም በሙሉ በዚያ ጥርስ ያለፈ ነበር።

በኋላ ያ ጥርስ ታመመ። ተነቀለ፤ ቁስሉ ግን አልድን አለ። ጠበል ተጠመቁ፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰነበቱ፣ ባሕር ዳር ታዩ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ተላኩ። እናቴ በሽታውን በሹክሹክታ "ያ ነገር" ትለው ነበር። የመንጋጋ ካንሰር እንደሆነ የነገሩን ራሳቸው እትዬ የሻረግ ናቸው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የዳቦ ዋጋ እንደሚያወሩ አድርገው።

ሲመለሱ ግራ መንጋጋቸው ወጥቶ በቦታው ብረት ገብቶ ነበር። ፊታቸው በአንድ ጎን ሰርጉዷል፣ ከጆሮ ግንዳቸው እስከ አገጫቸው ጠባሳ ወርዷል። መጀመሪያ ሰሞን በነጠላ ይሸፍኑት ነበር፤ አንድ ቀን የነጠላው ጫፍ መርፌው ሥር ገብቶ ከሰው ሱሪ ጋር አብሮ ተሰፋ። "የት አባቱ!" ብለው ከዚያ ወዲያ ተዉት። እኛ ልጆቹ የምናስበው ስለ ብረቱ ብቻ ነበር፤ ማግኔቱ ቢጠጋ ይጣበቅ ይሆን? ስናንሾካሹክ ሰሙንና ራሳቸው ማግኔቱን አንሥተው ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። ተንሸራቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። "አያችሁ? ይሄ የእናንተ ዓይነት ብረት አይደለም" አሉን ኮራ ብለው። እኛ ግን በጣም ቅር አለን።

ትልልቆቹ እንደኛ አልደፈሩም። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ቀኙን ይስምና ወደ ግራው ሊዞር ሲል ደንግጦ እንደገና ቀኙን ይስማል። አንድ ቀን እንግዶቹ ሲወጡ ጠሩኝ።

"ሰብልዬ፣ ነይ እስኪ። ግራውን ለማን አስቀሩት?"

ቀስ ብዬ ሳምኳቸው።

"ሳምሽኝ እንዴ?"

"አዎ።"

"አልተሰማኝም እኮ። ቆዳው በድን ነው። ጮክ አርገሽ ሳሚኝ፤ ባይሰማኝም ድምጡን ልስማው።"

እምጷ አድርጌ ሳምኳቸው። ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራው ጉንጭ የኔ ሆነ።

በዓመቱ ግድም፣ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት መጥቼ ስስማቸው እጃቸው የመኪናው መዘውር ላይ ቆመ። "ተሰማኝ" አሉ። "እስኪ ድገሚው።" ደገምኩት። "ተሰማኝ! እንደ ጉንዳን ውርር አደረገኝ!" እናቴ በግድግዳው ሰምታ ከጓዳችን ሮጣ መጣችና እልል አለች። በድኑ ነፍስ ዘራ ተባለ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ለእሳቸው የተሳለች ሁሉ ስእለቷን አስታወሰች። እኔማ ያዳንኳቸው እኔ መሰለኝና ትምህርት ቤት ሄጄ አወራሁት።

ሁላችንም ተሳስተን ነበር። መውረሩ ወደ ጥዝጣዜ፣ ጥዝጣዜው ወደ ሕመም ተለወጠ፤ አገጫቸው ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣች። ባሕር ዳር ያየቻቸው ሐኪም በሽታው ተመልሷል አለች።

ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ወረፋቸው እስኪደርስ እቤታቸው ቆዩ። ሥራ አይቀበሉም፤ ግን መቀመጥም አልቻሉም። ከመኪናው ፊት ሆነው ባዶውን ያስሮጡታል። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እናቴ ወጡን ታማስልና ትቆማለች፣ እኔ የቤት ሥራዬን አንድ መስመር እጽፍና እቆማለሁ። ድምፁ ሲኖር ያስጨንቀናል፣ ሲቋረጥ ይብስብናል፤ እናቴ ሮጣ ሄዳ ታያቸዋለች። አንድ ቀን ተከትያት ገባሁ።

"ምነው እትዬ፣ ትንሽ ቢያርፉስ?" አለቻቸው።

"ዝም ብዬ ከተቀመጥሁ ያብሰለስለኛል።" እግራቸው አልቆመም። "አሁን ደሞ ሐኪሞቹ ምላስዎን ልንነካው እንችላለን ብለውኛል። ሞቱስ ይሁን፣ ማንም አይቀርለት። ሳልናገር መኖሩን ነው የፈራሁት።"

ወሬ ሳያወሩ አንድ እጅጌ ሰፍተው የማያውቁ ሰው ናቸው ይህን ያሉት። እኔም ፈራሁ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የፈራሁት ነገር ጥቂት ነው።

ሄዱ፤ ግድግዳው ዝም አለ። ሲመለሱ ከስተዋል፣ ብረቱ ረዝሟል። ምላሳቸው ግን ተርፏል። ከንፈራቸው አልገጥም ስላለ "መ" እና "በ" ያመልጧቸዋል፤ ደብረ ታቦርን መጥራት እንኳ ልምምድ ሆነባቸው። አፋቸው ሁለት ጣት አያስገባም፤ ምግባቸው በማንኪያ የሚጠጣ አጥሚት ነበር። ሠርግ ቢጠሩ ጉርሻውን ፈርተው ይቀራሉ፤ "ሰው ሲወድ በቡጢው ልክ ነው የሚያጎርስ" ይላሉ። ጠዋት ጠዋት በእንጨት ማንኪያ እጀታ አፋቸውን ለማላቀቅ ሲታገሉ በግድግዳው በኩል እንሰማቸዋለን። ያማቸዋል፤ ይሳደባሉ። መጀመሪያ ምን እንደሚሳደቡ አይለይም ነበር። ስድቡ ቃል በቃል እየጠራ ሲመጣ እናቴ "እየዳኑ ነው" አለች።

እኔ ግን መሳሙን ፈርቼ ነበር። ደግመው "ተሰማኝ" ቢሉኝስ? በራቸው ላይ ተገትሬ መቅረቴን አዩና ገባቸው። ስፒል መዘው ግራ ጉንጫቸውን ወጋ ወጋ አደረጉት። "አይሰማኝም" አሉ፤ "ተመስገን። ነይ አሁን።"

የሰፈሩ ሰላምታ በዚያው ተገለበጠ። በበረንዳው የሚያልፍ ሁሉ "እትዬ የሻረግ፣ እንዴት አደሩ? ተሰማዎ?" ይላል። "ምንም አይሰማኝም፣ ተመስገን!" ይላሉ። ይህን የሰማ እንግዳ ጆሯቸው የደነቆረ መስሎት ይጮህባቸዋል። እኔም እየመጣሁ እምጷ አደርጋለሁ፤ መልሳቸውን እስክሰማ ግን ትንፋሼን እይዛለሁ። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። ክሩን በቀኝ ጥርሳቸው መበጠስ ለመዱ፣ መኪናውም ጨርቅ እየበላ ሠራ።

ካንሰሩ ዳግም አልመጣም። የሞቱት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እኔ ባሕር ዳር ሥራ ከያዝኩ ወዲያ፣ በልብ ድካም ነው። ሊያርፉ ሰሞን ሄጄ አየኋቸው። ዓይናቸው ተከድኗል፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፅ ማሰማት አፈርኩና ግራውን ጉንጭ ቀስ ብዬ ሳምኩት።

"ሳምሽኝ እንዴ?" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ያኔ ሰው ሁሉ እስኪዞር እምጷ አደረግሁት።

"አልተሰማኝም" አሉ፤ "ግን ሰማሁት።"

ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ በስንት መከራ ሞላና ሄድን። ቤት ስደርስ የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ሲጫወት አገኘሁት። ይዤ እንደልማዴ እምጷ አድርጌ ስስመው ጆሮውን ሸፍኖ "አክስቴ ደግሞ!" እያለ አመለጠኝ። እናቴ ጓዳ ነበረች፤ መግባቴን አላየችም።

"ሰብለ መጣች" ስትል ሰማኋት።